ካርታው ገደል ላይ ሲደርስ ዝም ይላል

ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ራስ ደጀን ፊት ለፊቱ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በጠራ የጥቅምት ጠዋት፣ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ይመስለዋል። ካርታ አውጥቶ በማስመሪያ ቢለካው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር ያን ያህል አይርቅም። ሜዳ ቢሆን ኖሮ ማልዶ የተነሳ እግረኛ ለምሳ ይደርስ ነበር። እዚህ ግን መጀመሪያ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ ተነስቶ፣ ከ3,000 ሜትር በታች ወደሚፈሰው የመሸሃ ወንዝ መውረድ አለበት። ከዚያ የወረደውን ሁሉ፣ ከነወለዱ፣ መልሶ ይወጣል። መንገደኞች ለዚህ ጉዞ ሁለት ቀን ይመድባሉ።

ያ ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ካርታው ላይ የት ገባ?

ይህ ለጃናሞራ ሰው የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ወይም ሩቅ የሚባለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመካከል ባለው ገደል ነው። ካርታ ደግሞ ከሰማይ ወደ ምድር የሚያይ ዓይን ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ከላይ ሲታይ ስፋት የለውም። 1,000 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ገደል ወረቀቱ ላይ የሚደርሰው ቦታ ከአንድ ቀጭን መስመር አይበልጥም። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ በሚተረትበት አገር፣ ካርታውም የዚያ በሬ ወንድም ሆኖ ኖሯል።

የስሜን ተራሮችን ወረቀት ላይ ለማስፈር ብዙ ዘመን ተሞክሯል። ጭረት ተሞከረ፣ የከፍታ መስመር ተሞከረ፣ የአውሮፕላን ፎቶ ተሞከረ፣ ከጠፈር ራዳር ተሞከረ። አብዛኞቹ ዘዴዎች ሜዳውንና ኮረብታውን በሚገባ ካሳዩ በኋላ ገደሉ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። የሚገርመው፣ ዛሬ ገደልን በከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሠሩት የሌለ አገር የሚስሉ ሰዎች ናቸው፤ የጌምና የልብ ወለድ ካርታ ሠሪዎች። እነሱ የሚጠቀሙበት ብልሃት ከየት እንደመጣ ሲመረመር፣ መንገዱ በስዊዘርላንድ በኩል ዞሮ ወደ ስሜን ይመለሳል።

◆ ደረጃ የሠራው ድንጋይ

ጃናሞራ ስሙን ያገኘው በመካከለኛው ዘመን ከነበረ የንጉሥ ጭፍራ ነው። የወረዳው ከተማ መካነ ብርሃን ናት። በዚሁ ምድር ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑን ገዢ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘመነ መሳፍንት ያበቃው በዚህ ተራራ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ተራራው ራሱ ግን ከነገሥታቱ እጅግ የቆየ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ በየጊዜው እየፈሰሰና እየረጋ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የስሜንን ምድር ሠራ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ተደራራቢ ባዛልት «ትራፕ» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ደረጃ ከሚል የስዊድን ቃል ነው። ስያሜው ለስሜን ልክ ነው። ጠንካራው የባዛልት ንጣፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሁለት ጠንካራ ንጣፎች መካከል ያለው አመዳማና ልል ድንጋይ ደግሞ በዝናብ እየተበላ ወደ ውስጥ ያፈገፍግና ጠባብ መደርደሪያ ይተዋል። ከዚያ እንደገና ግድግዳ፣ እንደገና መደርደሪያ። ከግርጌው ከላይ የወረደ ናዳ ተከምሮ ይገኛል።

ስለዚህ ከሩቅ አንድ የሚመስለው የስሜን ገደል ሲቀርቡት የብዙ ገደሎች መሰላል ነው። ዩኔስኮ አካባቢውን በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ወደ 1,500 ሜትር የሚወርዱ ገደሎች እንዳሉት ጠቅሷል። በእነዚህ መደርደሪያዎች ላይ ዋልያ ይሰማራል። ጭላዳ ሲመሽ ከአፋፉ ወርዶ ያድርባቸዋል። ሰውም ቢሆን በአንዳንዶቹ ላይ የእግር መንገድ አለው። ገደሉን እንደ አንድ መስመር የሚያይ ካርታ ይህን ሁሉ ሕይወት አያየውም።

◆ ከፍታው ታወቀ፤ ገደሉ ቀረ

ስለ ስሜን ከተጻፉት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ አዱሊስ ላይ የነበረ የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ስላቆየው ዛሬ ይታወቃል። ጽሑፉን ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ወንዙን ተሻግሮ በስሜን ላይ ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፣ ተራሮቹ ለመውጣት የማይመቹ መሆናቸውንና ጉልበት የሚደርስ በረዶ እንዳለ ይገልጻል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ንጉሡ በስሜን ቤተ እስራኤል ላይ ስላካሄዱት ጦርነት ሲተርክ፣ አምባዎቹንና ገደሎቹን እንደ አንድ ተዋጊ ወገን አድርጎ ያቀርባቸዋል። ቃል ገደልን መግለጽ ይችል ነበር። ሥዕል ገና አልቻለም።

ኢትዮጵያን በቅጡ ካሳዩ የአውሮፓ ካርታዎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱን በ1683 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። የተጠቀመው የኢየሱሳውያኑን ካርታና ከወዳጁ ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ ተራራ ሁሉ እንደ ፍልፈል ጉብታ ይሳል ነበር፤ አንድ ጎኑ ጠቆር ያለ ትንሽ ክምር። ራስ ደጀንም ሆነ ማንኛውም ኮረብታ በዚሁ ቅርጽ ይቀመጣል። «እዚህ ተራራ አለ» ይላል እንጂ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በየት በኩል እንደሚያልቅ አይናገርም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲገባ፣ ኮከብ የሚለካበት ከባድ መሣሪያ ይዞ ነበር። መሣሪያው ከባሕር ዳርቻው ጀምሮ ዳገቱን የወጣው በሰው ትከሻ ነው። ብሩስ ቦታዎቹ በምድር ላይ የሚያርፉበትን ነጥብ በመለካት የቀደሙትን አሻሻለ። ነጥብ ግን ገደል አይደለም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ከፍታ መለካት ጀመሩ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እ.ኤ.አ. ስሜንን ሲያቋርጥ የአየር ግፊት መለኪያ ይዞ ነበር፤ ዋልያን በሳይንስ ስም ያስመዘገበውም እሱ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች፣ ፌሬና ጋሊኒዬ፣ ራስ ደጀን ላይ ወጡ። እረኞች በየዓመቱ ከብት ይዘው ለሚደርሱበት ከፍታ ይህ «የመጀመሪያ መውጣት» ተብሎ ተመዘገበ። የራስ ደጀን ቁመት ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተቀየረ! የድሮ ተማሪ 4,620 ሜትር ብሎ ሸምድዷል፣ ቀጥሎ የመጣው 4,533 ብሏል፣ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው። አንድ መቶ ለማይሞላ ሜትር ልዩነት ይህን ያህል ሲለፋ፣ በዙሪያው ያለውን የሺህ ሜትር ገደል ቅርጽ የሚጠይቅ አልነበረም።

◆ ጥቁር ቀለምና የተጣበቁ መስመሮች

በአውሮፓ የገደል ጥያቄ የጦር መኮንኖች ጥያቄ ነበር። መድፍ በየት ይወጣል? ፈረሰኛ በየት ይወርዳል? በ1799 እ.ኤ.አ. ዮሐን ጌኦርግ ሌማን የተባለ የሳክሶኒ መኮንን ለዚህ መልስ አቀረበ። ውኃ በሚወርድበት አቅጣጫ ትናንሽ ጭረቶችን መደርደር፤ ቁልቁለቱ በከፋ ቁጥር ጭረቱን ማወፈር። ሜዳው ነጭ ይቀራል፣ ተዳፋቱ ይጠቁራል። ዘዴው ብልህ ነበር፤ ግን አንድ ወሰን ነበረው። ቁልቁለቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ በገመድ የሚወረደውም በእግር የሚሞከረውም፣ አንድ ጥቁረት ነው። የስሜን ገደል ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ኮንቱር የሚባለው የከፍታ መስመር ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር። ዛሬም የመሬት አቀማመጥ ካርታ ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ገደል ላይ ምን እንደሚገጥመው በስሌት ማየት ይቻላል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 100 ሜትር መሬት 2 ሚሊ ሜትር ነው። መስመሮቹ በየ20 ሜትር ከፍታ ቢሰመሩና 1,000 ሜትር የሚወርድ ገደል በዚያች 2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢያልፍ፣ 50 መስመሮች እዚያ መግባት አለባቸው። የትኛውም ብዕር፣ የትኛውም ማተሚያ ይህን አይችልም። መስመሮቹ ተጣብቀው አንድ ቡናማ ጅማት ይሆናሉ። መደርደሪያው፣ መተላለፊያው፣ ፏፏቴው ሁሉ እዚያ ጅማት ውስጥ ይቀበራል።

የተራራ ካርታ ስህተት የወረቀት ስህተት ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጄኔራል አልቤርቶኔ ጦር ከተቀረው የጣሊያን ሠራዊት ተነጥሎ ራቅ ብሎ የሄደው፣ ባራቲዬሪ ያዘጋጀው ንድፍ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም በሌላ ኮረብታ ላይ አስቀምጦት ስለነበር ነው። የአገሩ መሪዎች ትክክለኛውን ኪዳነ ምሕረት አሳዩት፤ እሱም እዚያው ሄደ። የድሉ ምክንያት የኢትዮጵያ ሠራዊት ጀግንነትና ብዛት ነው። ቢሆንም ተራራውን ሳያውቅ የሳለ እጅ ለሽንፈቱ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል።

◆ ከጎን ያየው ዓይን

ለገደል ችግር መፍትሔ ያገኙት ገደል ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ስዊዘርላንዶች። ከ1845 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. በዱፉር መሪነት የታተመው የአገራቸው ካርታ ገና በጭረት የተሠራ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ግን የድንጋይ ሥዕል የሚባል የተለየ ሙያ አደገ። የዚህ ሙያ ታላቅ መምህር ኤድዋርድ ኢምሆፍ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. በዙሪክ የካርታ ተቋም መሥርቶ ለአሥርት ዓመታት አስተምሯል። በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመሬት ገጽታ አሳሳል መጽሐፉ ዛሬም የሙያው መመሪያ ነው። ሰውየው ካርታ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ተራራ ወጪና ሠዓሊም ነበር።

የዘዴው ምሥጢር ከላይ የሚያየውን ካርታ ከጎን በሚያይ ዓይን ማገዝ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ የአፋፉን መስመር ያወጣል። ቀጥሎ ገደሉን ቁልቁል የሚሰነጥቁትን ፈረፈሮች ያስቀምጣል። ከዚያ የድንጋዩን ንጣፎች አግድም ያሰምራል፤ የተነባበረ ድንጋይ ከሆነ ጭረቱ አግድም፣ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ወደ ታች ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ብርሃንና ጥላ ይሰጠዋል፤ ናዳውን በነጠብጣብ ይበትነዋል። ይህን ለማድረግ ሠዓሊው ድንጋዩን ማወቅ አለበት። አንዱን ገደል ከሌላው የሚለየው ቁመቱ ብቻ ሳይሆን አሰባበሩ ነው።

ይህ ትምህርት ወደ ስሜን መጣ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በአካባቢው ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ከ1975 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የፓርኩ ኃላፊ የነበረው ሃንስ ሁርኒ ኋላ ላይ በኢትዮጵያ የአፈር መሸርሸር ጥናት ስመ ጥር ሆኗል። በ1978 እ.ኤ.አ. የበርን ዩኒቨርሲቲ ስለ ስሜን ባሳተመው ጥናት ውስጥ ሽቴህሊና ሱርቡኸን የሠሯቸው ሁለት የ1፡25,000 ካርታዎች ቀርበዋል። ይህ ልኬት 1 ኪሎ ሜትርን በ4 ሴንቲ ሜትር ያሳያል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ምድር በ1፡50,000 እንኳ ገና እየተሠራ በነበረበት ዘመን፣ ዋልያ የሚሰማራበት ገደል የዚህን ያህል ትኩረት አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። ካርታው የተሠራው ዋልያውንና አፈሩን ለማጥናት ነበር፤ ይህም ተገቢ ነው። ከፓርኩ ክልል ውጭ ያለው የጃናሞራ ገደል፣ ገበሬ በየቀኑ የሚወጣውና የሚወርደው ገደል፣ ያንን ያህል የሚመለከተው ዓይን አላገኘም።

◆ ከጠፈር የመጣው ዝምታ

የካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ጉዞ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለካች። ውጤቱ ዓለምን የለወጠ መረጃ ነው። መጀመሪያ ከአሜሪካ ውጭ ለሕዝብ የተለቀቀው በየ90 ሜትሩ አንድ የከፍታ ቁጥር ያለው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በየ30 ሜትሩ የተለካው ለአፍሪካ ተከፈተ። ዛሬ በስልክ የሚታየው የተራራ ጥላ፣ የጎርፍ ጥናቱ፣ የመንገድ ንድፉ ሁሉ በዚህና በመሰሎቹ መረጃዎች ላይ ይቆማል።

ራዳር ግን በጎን አጋድሎ ነው የሚያየው። ረጅም ገደል ከኋላው ያለውን ይጋርደዋል፤ ሸለቆው ጥላ ውስጥ ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ በገደላማ ተራሮች ላይ መረጃው ባዶ ቀዳዳ ይዞ መጣ፤ ቀዳዳዎቹ በኋላ የተደፈኑት በዙሪያቸው ባሉ ቁጥሮች ግምትና በሌላ መረጃ ነው። ቀዳዳ በሌለበትም ቢሆን ችግር አለ። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ቁጥር ብቻ ትይዛለች። ግማሿ አፋፍ፣ ግማሿ ገደል የሆነች ካሬ መካከለኛውን ይዛ ትቀመጣለች። ስለዚህ ቀጥ ያለው ግድግዳ ኮምፒውተሩ ላይ የተንሸራተተ ጎን ይሆናል። ሌማን ያጠቆረውን፣ ኮንቱር ያጣበቀውን፣ ራዳር አለሰለሰው።

◆ የሌለ አገር ሠሪዎች

የጌም ዓለም የሚሠራ ባለሙያም የሚጀምረው ከዚሁ ነገር ነው። መሬቱ በመጀመሪያ አንድ ግራጫ ሥዕል ነው፤ ነጩ ከፍታ፣ ጥቁሩ ዝቅታ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ከፍታ ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ልክ እንደ ራዳሩ መረጃ ገደል አይወጣላትም። ልዩነቱ፣ ጌም ሠሪው ተመልካቹን ገደሉ ሥር ያቆመዋል። ውሸቱ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ መፍትሔ መፈለግ ነበረበት።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬን ፐርሊን የተባለ አሜሪካዊ ኮምፒውተር የተፈጥሮን ዝብርቅርቅ እንዲመስል የሚያደርግ ስሌት ፈጠረ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ያገኘበት ነው። ስሌቱ ኮረብታ በቀላሉ ይወልዳል። ነገር ግን ብቻውን የሚሠራው ተራራ የተጨማደደ ጨርቅ ይመስላል፤ ውኃ አልፎበት አያውቅምና። በ1989 እ.ኤ.አ. መስግሬቭና ባልደረቦቹ የውኃ መሸርሸርንና የድንጋይ መናድን በስሌት ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ገደል የሚሠራበት መንገድ እየጠራ መጣ።

መጀመሪያ ንጣፍ ይሠራል። ከፍታው በደረጃ በደረጃ ይቆረጣል፤ ደረጃዎቹ እኩል እንዳይሆኑ ጠንካራው ወፍራም፣ ልሉ ቀጭን ይደረጋል። ሁለተኛ ውኃ ይለቀቅበታል፤ አፋፉ ቀጥ ያለ ማስመሪያ መሆኑ ቀርቶ በፈረፈር ይበሳሳል። ሦስተኛ ግርጌው ላይ ናዳ ይከመራል። የተበታተነ ድንጋይ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ስለሚረጋ፣ ከዚያ የቆመ ናዳ የሠራ ሰው ገደል አይቶ እንደማያውቅ ይታወቅበታል። አራተኛ የድንጋዩ ቆዳ ከጎን ይለጠፋል። ከላይ ብቻ የተለጠፈ ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲደርስ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ በስልክ የሳተላይት ካርታ ላይ ገደል ሲታይ የሚያጋጥመው ብዥታ ይኸው ነው። በመጨረሻ ወደ ውጭ ያጎነበሰ ድንጋይና ዋሻ ካስፈለገ ግራጫው ሥዕል ይተውና ቅርጹ ራሱን ችሎ ይቀረጻል። በወረቀት መሰል የልብ ወለድ ካርታ ላይ የሚስሉትም የኢምሆፍን ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ አፋፍ፣ ፈረፈር፣ ንጣፍ፣ ጥላ፣ ናዳ።

ጥላውም የራሱ ወጥመድ አለው። በካርታ ልማድ ብርሃን ከላይ ግራ፣ ማለትም ከሰሜን ምዕራብ፣ ይመጣል። የስሜን ታላቁ አፋፍ ግን ወደ ሰሜን የሚያይ ነው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ያ ግድግዳ በእውነቱ ጥላ ውስጥ ይውላል። በልማዱ የተሳለ ካርታ ደግሞ ብርሃን ያርከፈክፍበትና ያደበዝዘዋል። አገሩን የሚያውቅ እጅ እዚህ ላይ ልማዱን ይተዋል።

ይህ ዝርዝር ሲነበብ ስሜን የተገለጸ ይመስላል። የተነባበረው ባዛልት፣ የተበሳሳው አፋፍ፣ መደርደሪያው፣ ናዳው ሁሉ አለበት። የሌለ አገር ለመሳል የሚያስፈልገው እውቀት እውነተኛው ገደል ያስተማረው ነው።

◆ ያልተሳለ ገደል የሚያስከፍለው

ይህ የሥዕል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ የመሬት ሕጉን ይመልከት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትን በመቶኛ ለየ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው በእርከን ካልሆነ ዓመታዊ ሰብል አይዘራበትም፤ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም። አዋጁ ከዓመታት በኋላ በሌላ ቢተካም፣ ተዳፋት እንዴት ይለካል የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ኖሯል።

30 ሜትር ቁመት ያለው፣ ላም ወድቃ የምታልቅበት ገደል ከላይም ከታችም ሜዳ ቢኖረው፣ በ90 ሜትር ካሬ መረጃ ላይ 30 ሜትር በ90 ሜትር ተብሎ 33 በመቶ ይወጣል። በቢሮ ኮምፒውተር ላይ በእርከን የሚታረስ መሬት ነው ማለት ነው። በተቃራኒው አፋፍ ላይ ያለች ጠባብ ግን ሜዳ የሆነች የገብስ ማሳ ከጎኗ ካለው ገደል ጋር ተደምራ ስትሰላ፣ ከ60 በመቶ በላይ ተብላ ትከለከላለች። አንደኛው ስህተት ገደሉን ማሳ ያደርገዋል። ሁለተኛው ማሳውን ገደል ያደርገዋል። ቦታው ሄዶ የሚያይ ባለሙያ ከሌለ ገበሬው በቁጥር ይሸነፋል።

ጤናና ትምህርትም እንደዚሁ ነው። በጤና ተቋም ዙሪያ ክብ አስምሮ ውስጡ የወደቀውን ሰው ሁሉ «ተደራሽ» ብሎ መቁጠር ሜዳ ላይ ያስኬዳል። ጃናሞራ ላይ ክቡ ገደሉን ይዘላል፤ ምጥ የያዛት እናት ግን አትዘልም። ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረቤቶች ርቀቱን የሚቆጥሩት በዳገት ነው። የመንገድ ነገርም አለ። ደባርቅን ከመካነ ብርሃን የሚያገናኘው ዋና መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። ለዱር እንስሳቱ ሲባል አቅጣጫው እንዲቀየር ዩኔስኮ ለዓመታት ጠይቋል። ወረቀት ላይ አንድ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ቀላል ይመስላል። እዚያ ምድር ላይ ግን መንገድ የሚያልፈው ገደሉ በፈቀደው በር ብቻ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሊማሊሞን ሲቆርጡ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ የሠሩት ለጌጥ አይደለም።

◆ ማን ይሳለው?

ሥራው ግዙፍ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ማንም ሰው በነፃ በሚያርመው ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የዓለም ካርታ ላይ ገደል የራሱ ምልክት አለው። የሚሰመርበትም ደንብ ቀላል ነው፤ አፋፉን ይዞ ሲሰመር ዝቅ ያለው ወገን በቀኝ በኩል ይሁን። ይህች አንዲት ደንብ ሌማን በጥቁር ቀለም፣ ራዳሩ በቁጥር ያጡትን ነገር ትመልሳለች፤ እዚህ ላይ ምድር ይቆማል፣ የሚወድቀውም በዚህ ወገን ነው።

ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። አዲስ አበባ ውስጥ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። በጌምና በባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የተሠማሩ ወጣት ኢትዮጵያውያንም በአገር ውስጥና በውጭ እየበዙ ነው። ሦስቱ ቢገናኙ፣ የጃናሞራ ተማሪ በስልኩ የአባቱን መውጫና መውረጃ እያሰመረ፣ ዩኒቨርሲቲው እያረመ፣ ወጣቱ ሠዓሊ ከጎን እያየ ቢስለው፣ ከፓርኩ ውጭ ያለው ገደልም ካርታ ላይ ይወጣል። ጌም ሠሪውም ከውጭ የተቀዳ የበረዶ ተራራ ትቶ በገብስ ማሳ የሚጀምርና በጭላዳ ማደሪያ የሚያልቅ ገደል ይኖረዋል።

የገደሉን እያንዳንዱን ክፍል የሚጠራ ሰው እዚያው አለ። አፋፉን፣ መደርደሪያውን፣ በሩን፣ ፈረፈሩን፣ ግርጌውን በስም ያውቀዋል። በየት በኩል በቅሎ እንደሚያልፍ፣ በየት በኩል ፍየል ብቻ እንደሚያልፍ፣ በክረምት የትኛው እንደሚናድ ይናገራል። ያንን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅ ካርታ ሠሪ ሲመጣ፣ ከቧሂት እስከ ራስ ደጀን ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ካርታውም እንደ መንገደኛው ሁለት ቀን ብሎ ይመልሳል።